ያላየነውን ዓለም ስለ መሰየም

በታኅሣሥ ወር፣ ፀሓይ ከአይሻ ሜዳ ላይ ከጠለቀች በኋላ፣ ድሬዳዋን ከጅቡቲ ጋር ያገናኝ ከነበረው ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ በርጩማ ስቦ የተቀመጠ መንገደኛ፣ ነፋሱ የሚያነሣው አቧራ ጥቂት ጋብ ሲልለት ቀና ብሎ ቢመለከት፣ በአዲስ አበባ ኑሮው ረስቶት የቆየውን የከዋክብት ብዛት እንደ ገና ያገኘዋል። እኔም አንድ ምሽት እንዲሁ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ባለ ጀበናዋ ሴት የመጀመሪያውን ቡና ቀድታ ለእኔና ከአጠገቤ ለነበሩት ግመል አርቢ ሽማግሌ ስታቀርብልን፣ በዚህ በአቦል ስም የሚጠራ ዓለም በሰማይ መኖሩን ነገርኋቸው። ሽማግሌው፣ በሱማሌ ወግ አጎት የወንድሙን ልጅ በዚያው በራሱ መጠሪያ እንደሚጠራው፣ «አደር» ብለው ጠሩኝና፣ ድሬዳዋ በለመዱት አማርኛ፣ «ውኃ አለበት?» ሲሉ ጠየቁኝ። የሚቀዳ ውኃ ቀርቶ የሚረገጥ መሬት እንኳ የለውም ብላቸው፣ «ታዲያ ውኃ ለሌለበት አገር ስም ማውጣት ምን ይሠራል?» አሉ።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን መቶኛ ዓመት ሲያከብር፣ እያንዳንዱ አገር ከሩቆቹ ከዋክብት አንዱን፣ በዙሪያውም የሚዞረውን ዓለም በገዛ ቋንቋው እንዲሰይም ፈቅዶ ነበርና፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የ112 አገሮች ስያሜ በይፋ ሲነገር፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ዓለሙም «አቦል» ተባሉ። በሦስተኛውም ቀን፣ ታኅሣሥ 10፣ 72 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ጠፈር ወጣ። ቡና የሚገኘው ግሪኮች አንድሮሜዳ ብለው በሰየሙት የከዋክብት ጉባኤ ውስጥ ነው፤ አንድሮሜዳም በጥንት ተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥቲቱ የካሲዮፔያ ልጅ ነበረችና፣ የአገራችን ቡና በንጉሥ ልጅ እልፍኝ ተፈላ ቢባል ከተረቱ አይርቅም።

ይሁን እንጂ ይህን አቦል የተባለውን ዓለም እስከ ዛሬ በዓይኑ ያየው ሰው የለም። በካሊፎርኒያ በሊክ የሥነ ፈለክ መመልከቻ የሠሩት ሊቃውንት ያወቁት፣ የኮከቡ ብርሃን ጥቂት ወደ ሰማያዊ፣ ጥቂት ወደ ቀይ እያደላ፣ ኮከቡ ወደ እኛ ቀረብ፣ መልሶም ራቅ እንደሚል ሲመሰክርላቸው ነው። ልጅ ያዘለች እናት ጋቢ ተከናንባ ከሩቅ ብትታይ፣ ሕፃኑ ባይታይም፣ እሹሩሩ እያለች መወዛወዟ ብቻዋን እንዳልሆነች እንደሚናገር፣ ኮከቡም እንዲሁ የተሸከመውን በመወዝወዙ አስታወቀ። ከዚህም ልኬት፣ አቦል በተራዘመ ምሕዋር 990 ቀን ያህል ፈጅቶ ኮከቡን እንደሚዞር፣ ክብደቱም ከጁፒተር ከአራት እጥፍ፣ ከምድራችንም ከአንድ ሺህ እጥፍ እንደሚበልጥ ታወቀ። ከእኛ ያለው ርቀት ወደ 196 የብርሃን ዓመት ስለሆነ፣ በዚያ ምሽት በአይሻ ላይ ያረፈው ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ሳሉ፣ በዚህ ሜዳ ላይም የባቡር ሐሳብ እንኳ ሳይኖር ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰሙ ሰዎች በሁለት ወገን ይናወጣሉ። አንደኛው ወገን፣ ከፀሓያችን ውጭ የታወቁት ዓለማት ቁጥር ከ6000 ማለፉን ሰምቶ፣ እንግዲህ ሰው በዚህ ሁሉ መካከል ከአቧራ ምን ይሻላል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ በመጻሕፍት ያልተጻፈ ዓለም መፈለግ እምነትን ያናጋል ብሎ ይሰጋል። ለመጀመሪያው የምመልሰው፣ ክብር በስፍር የሚለካ ቢሆን ኖሮ ግመሉ ከእረኛው በበለጠ ነበር የሚል ነው፤ አቦል ከምድር ሁሉ ከብዶ ሳለ ክብደቱን አያውቅም፣ የከበደውን የመዘነው ያ ትንሹ ሰው ነው፤ ትንሽነቱንም ለይቶ ማወቁ የትልቅነቱ ምልክት እንጂ የውርደቱ ማስረጃ አይሆንም።

ለሁለተኛው ግን መልሱ ረዘም ይላል። ቤተ ክርስቲያናችን በግእዝ ሙሉውን ጠብቃ ያቆየችው መጽሐፈ ሄኖክ፣ መልአኩ ዑርኤል እየመራው ሄኖክ የብርሃናትን መውጫና መግቢያ ደጆች እንደ ቈጠረ ይተርካል፤ አክሲማሮስም ከኤረር እስከ ጽርሐ አርያም ሰባት ሰማያትን ሲዘረዝር፣ ከዋክብትን ከረቡዕ ፍጥረታት ጋር ይቈጥራቸዋል፤ የባሕረ ሐሳብ መምህራን አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን የሚያወጡት፣ የአይሻም ምእመናን የረመዳንን መግቢያ የሚጠብቁት፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ወይም ስሌታቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ነው። ይልቁንም የሚደንቀኝ፣ ክርስቲያኑ ፈጣሪውን «ፈጣሬ ዓለማት»፣ ሙስሊሙም «የዓለማት ጌታ» ብሎ ሲጠራ፣ ሁለቱም ዓለምን በብዙ ቍጥር መናገራቸው ነው። አበው በዚህ ቃል መላእክትንና ሰውን፣ የሚታየውንና የማይታየውን እንጂ አቦልን የመሰለውን አላሰቡ ይሆናል፤ ነገር ግን በአንድ ቃል «አንድም» እያሉ ብዙ ምሥጢር ሲያወጡ የኖሩ ሊቃውንት ልጆች፣ ቃሉ ከተናጋሪው አሳብ ሰፍቶ ቢገኝ ሊደነግጡ አይገባም። መጽሐፉን መነጽር፣ መነጽሩንም መጽሐፍ ማድረግ ሁለቱንም ማጉደል ነው፤ አንዱ ሰማዩ የማን እንደ ሆነ፣ ሌላው በሰማዩ ምን እንዳለ ይነግረናልና።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ፤ ከሁለቱም ጥርጣሬ የሚከብደው የእርሳቸው ነውና። «ውኃ አለበት?» ማለታቸውን የአርብቶ አደር የዋህነት አድርጎ የሚወስድ ቢኖር፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከሩቆቹ ዓለማት አየር ውስጥ ተግቶ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ የውኃ ተን መሆኑን ይወቅ፤ ታላላቆቹ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትና በአይሻ ሜዳ ጕድጓድ ለጕድጓድ የሚዞር እረኛ በመጀመሪያው ጥያቄያቸው ይገናኛሉ። ለእረኛ የቦታ ስም ማለት ደግሞ የሕይወት ካርታ ነው፤ እዚያ ጕድጓድ አለ፣ እዚያ ግጦሽ አለ ማለት ነው። እንግዲህ ማንም የማይጠጣበት፣ ማንም የማይደርስበት ዓለም በስማችን መጠራቱ ውዳሴ ከንቱ አይደለምን?

ስም ማውጣት የባለቤትነት ማኅተም ከሆነ፣ አዎን፣ ከንቱ ነው፤ አቦል የእኛ ነው የሚል ሰው ደመናን በገመድ እንደ ሳበ ይቈጠራል። በአገራችን ልማድ ግን ስም የሚያወጣ ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚገባበት ግዴታ ይበዛል። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ተጠምቀው የክርስትና ስም ሲቀበሉ፣ የክርስትና አባትና እናት ሕፃኑን በሃይማኖት ለማሳደግ ቃል ይገባሉ፤ በሙስሊሙም ወገን በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣለት፣ የአቂቃው ሥጋ ለቤተ ዘመድና ለድኻ ሲታደል፣ ሕፃኑ ለአባቱ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱም ሁሉ ይወለዳል። አዳምም ለአራዊት ስም ያወጣው ገነትን እንዲጠብቅ አደራ ተቀብሎ ነበር። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. የተጻፈው ስያሜ የሽልማት ወረቀት ሳይሆን የአበ ልጅነት ቃል ነው፤ ቃሉም ማየትን፣ መማርን፣ ለልጆቻችን መነጽር ማቅረብን ይጠይቃል። በእንጦጦ ተራራ ላይ የቆሙት ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለቱ ቴሌስኮፖች የዚህ ግዴታ መጀመሪያ ናቸው እንጂ መፈጸሚያው አይደሉም። አቦልን የጠጣ እንግዳ ቶናና በረካ ሳይጠጣ ቢነሣ ባለቤቲቱ እንደምትቀየመው፣ ስሙን አውጥቶ ዘወር ያለ ሕዝብም ለሰየመው ዓለም ባዕድ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው በዚያ ምሽት እንደዚህ አስተካክዬ አልነገርኋቸውም፤ ያልኋቸው፣ ስም ያወጣንለት እንድንጠይቀው ነው፣ የሚል ብቻ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን፣ ሐዲዱ ወደ ጅቡቲ በሚሄድበት በኩል ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው፤ ኮከቡ በባዶ ዓይን ለመታየት ጥቂት ስለሚደክም ያዩት ጨለማውን ብቻ ነበር፤ ሽርጣቸውን አጥብቀው ሄዱ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ስመለስ ግን በርጩማቸው ተዛውሮ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሯል፤ ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ፣ «አደር፣ ያ ውኃ የሌለው ዓለም ዛሬ እንዴት አመሸ?» ሲሉ ጠየቁኝ።