ጉብኝትና ዕዳው፦ ከወለቃ እስከ ኡም ራኩባ

«ጎበኘ» የሚለው ግስ ዛሬ በአስጎብኚ ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ ከምናነበው የሰፋ ትርጕም ነበረው፤ አሁንም አለው። ገበሬ ማሳውን ይጎበኛል፤ ወላጅ ርቆ የሚማር ልጁን ይጎበኛል፤ በጸሎትም ፈጣሪ ሕዝቡን እንዲጎበኝ ይለመናል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጎበኘው ወገን ካየ በኋላ የሚጠበቅበት ነገር አለ። አረም የወረሰውን ማሳ አይቶ፣ ተደንቆ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለስ ገበሬ የለም። ቃሉ የቱሪዝም ሥራ መጠሪያ በሆነ ጊዜ ግን ግዴታው ቀረና ማየቱ ብቻ ተረፈ። እንግዲህ ጥቂት እንግዶችን አስከትሎ የሌላውን ሰው ሕይወት የሚያሳይ አስጎብኚ ባለዕዳነቱ ለማን ነው? ለሚከፍለው ነውን ወይስ ለሚታየው?

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወለቃ የምትባል የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። መንደሪቱ ዛሬም አለች፤ የጥንት ነዋሪዎቿ ግን ሄደዋል። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚጓዙ ቱሪስቶች በመንገዳቸው እዚያ ይቆማሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ከነበሩት የወረሱትን የሸክላ ጥበብ ያያሉ፣ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይገዛሉ። የሰዎቹ ነገር ሲነሣ «ወደ እስራኤል ሄዱ» ማለት ይበቃል። ሐሰት የለበትም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነዋል። ነገር ግን ከእነርሱ በፊት በእግራቸው፣ በሌሊት፣ በመተማና በሌሎች በረሃዎች በኩል ወደኛ ወደ ገዳሪፍ ምድር የወጡ ነበሩ። «ሄዱ» የምትለው ቃል አውሮፕላን የተሳፈረውንም በኡም ራኩባ የተቀበረውንም አንድ አድርጋ ትሸፍናለች።

ራኩባ ምን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባብያን ማስረዳት አያሻም፤ ስሙ ራሱ የጥላ ዳስ ነው። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ግን ጥላው ለሁሉ አልበቃም። ረኀብ፣ ወረርሽኝና የውኃ እጥረት ቤተ እስራኤላዊውንም፣ ክርስቲያኑንም፣ እስላሙንም ጣለው። በጉዞውና በሱዳን ካምፖች ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን ብቻ ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ በ1999 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

በዚያ መንገድ ላይ የሠራው መሪ አስጎብኚ አልነበረም፤ መንገድ መሪ ነበር። አንዳንዱ እስከ መጨረሻው አደረሰ፤ አንዳንዱ ገንዘቡን ተቀብሎ በበረሃ ጥሎ ሸሸ። የእርሱ ሥራ ግልጽ መለኪያ ነበረው፤ ሰዎቹ ደርሰዋል ወይስ አልደረሱም? ለአስጎብኚው እንዲህ ያለ መለኪያ የለውም፤ እንግዳው ረክቶ ከተመለሰ ሥራው ተሠርቷል ይባላል።

ሁለቱ ሥራዎች አንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተው ነበር። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ሰዎች የአውሮፓ ነጋዴ መስለው፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አሩስ የተባለውን የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ተከራዩ። ቀን ከአውሮፓ የመጡ እውነተኛ ቱሪስቶችን የቀይ ባሕርን ሆድ ያሳያሉ፤ በየጊዜው ደግሞ ሌሊት ከገዳሪፍ አካባቢ ስደተኞችን በጭነት መኪና ያጓጉዛሉ። ቱሪስቶቹ መታለላቸው እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም፤ የከፈሉበትን ባሕር አይተዋል። የሚያስጨንቀኝ በ2011 ዓ.ም. ኔትፍሊክስ ያቀረበው ፊልም ነው። ስደቱን ከመነሻው ካደራጁት አንዱ ፈረደ አክሉም የተባለ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳለ፣ ካሜራው አብዝቶ የሚከተለው የውጭ ሰዎቹን ነው፤ ተጓዦቹ ከበስተኋላ እንደሚታይ ተራራ ቆመዋል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከ40,000 በላይ ሰዎች በሐምዳይትና በሌሎች በሮች ወደ ሱዳን ገቡ፤ ኡም ራኩባም ዳግመኛ ተከፈተች። በኅዳር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ፊሊፖ ግራንዲ መጡ፤ ጋዜጠኛውና ለጋሹም መጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቋንቋ የሚያውቅ ስደተኛ አስተርጓሚም መሪም ይሆናል። የትኛው ዳስ እንደሚገባበት፣ የትኛዋ እናት እንደምትናገር የሚወስነው እርሱ ነው። ያቺ እናት «እሺ» ትላለች። ግን የራሽን ካርዷን የሰጣትና እንግዳውን ያመጣው ወገን አንድ መስሎ ከታያት፣ እምቢ የማለት ዐቅም የሌለው ሰው እሺታ ምን ይመዝናል?

እንግዲያው አይታይ ልንል ነውን? ይህን ለማለት አልደፍርም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ደነገጠ፤ እህልም መጣ። በፊልሙ ከታዩት ብዙዎቹ ፈቃዳቸውን ለመስጠት እንኳ ጕልበት አልነበራቸውም። እንግዲህ በዚያ ቀን ማሳየቱ ከመጠየቁ በልጧል ባይ ነኝ። ነገር ግን ያ ፊልም ጉብኝት የሆነው በጥንቱ ትርጕም ነው፤ ያየው ዓለም፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ማሳውን እንዳየ ገበሬ ጥቂት አርሟል። የኮረምን ስም ጠርቶ በየዳሱ ደጃፍ ካሜራ የሚደግን ሁሉ ግን ያን መብት አይወርስም።

ስለዚህ የአስጎብኚው ጥበብ ያለው በሚናገረው ታሪክ ሳይሆን ከዋዜማው በሚሠራው ሥራ ይመስለኛል። እንግዶቹ ሳይመጡ፣ ገንዘብም ካሜራም በሌለበት፣ ብቻውን ሄዶ «ነገ ሰዎች ላመጣ አስቤአለሁ፤ ባይመችዎ ማንም አያውቅም» ማለት ይችላል። ራሽን በሚታደልበት ቀን አያመጣም። እንግዳውም አስቀድሞ ማን እንደሆነና ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ ለባለዳሷ እንዲነግራት ያደርጋል፤ ጠያቂዋ እርሷም ናትና።

ነገሩ የካምፕ ብቻ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች በገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች ጭምር ተጠልለዋል። እነርሱን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ መንገድ የሚጠይቀው ሰፈሩን የሚያውቀውን፣ ምናልባትም የእኛኑ ልጅ ነው። የቀን አበሉ የተያዘለት ያ ልጅ በር ላይ ደርሶ «ዛሬ አይመቻቸውም» ብሎ እንግዳውን ቢመልስ፣ ማታ እቤቱ ምን ይዞ እንደሚገባም ማሰብ ያስፈልጋል።