ሐምሌ ሳይወጣ በርበሬው ይቀንጠስ

ልጆቼ፣ ሐምሌ ሲጋመስ የሸዋ ሮቢት ሙቀት በዝናቡ ረገብ ይላል፤ የነጋዴው ልብ ግን አይረግብም። አስፋልት ዳር ለደሴ መንገደኛ ምሳ የሚያቀርበው ባለ ምግብ ቤት፣ ማሾና ማሽላ የሚሰበስበው ባለ መጋዘን፣ ሽንኩርት ለአዲስ አበባ የሚጭነው፣ ባለ ባጃጁ፣ ሁሉም በወሩ መጨረሻ ሳምንት ግብር ለማሳወቅ ደብተር ፍለጋ ቤቱን ይገለብጣል። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ይኼ ነው። ሰርጉ ግን ድንገት አልመጣም፤ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ይታወቅ ነበር።

ቀኑን አስቀድሜ ልናገር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴውን በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር። የዓመት ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነው «ሐ»፣ ከዚያ እስከ 1 ሚሊዮን ያለው «ለ»፣ 1 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የሆነው «ሀ» ይባል ነበር። እኛም ለዓመታት በዚሁ ለመድን፤ «ሐ» እስከ ሐምሌ 30፣ «ለ» ጳጉሜን ሳትወጣ፣ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30። በሐምሌ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ ደረጃዎቹን ሁለት አደረጋቸው፣ መለያውንም 2 ሚሊዮን ብር አደረገው። እንግዲህ «እኔ የማውቀው ሐ መሆኔን ነው» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ገቢዎች ሂዱና የዘንድሮ ደረጃችሁንና የመጨረሻ ቀናችሁን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ አስፈትሻችሁ ተመለሱ። ሁለት ሱቅ ያለው ሰው የሁለቱ ገቢ ተደምሮ እንደሚታይም አይርሳ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በዚህ ቆላ ነጋዴ ሲወድቅ ያየሁት ግብሩ በዝቶበት ብቻ አይደለም፤ ዝም ብሎ ነው። ሽንኩርቱ ዋጋ ያጣል፣ ወይም ሮቢ ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ይዞት ይሄዳል፤ ሰውየው «እጄ ላይ ገንዘብ የለም፣ ሳገኝ እሄዳለሁ» ይላል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። ማሳወቅ አንድ ነገር ነው፣ መክፈል ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ ባይኖርህም በቀኑ ሂደህ አሳውቅ። ከስረህም ቢሆን አሳውቅ። ከዚያ በአንድ ጊዜ መክፈል እንደማትችል በጽሑፍ አመልክተህ በየጊዜው ከፋፍለህ እንድትከፍል ጠይቅ፤ ሕጉ ለዚህ በር ከፍቷል። የዘጋኸው አንተ ነህ።

ዝም ያለውን የሚጠብቀውን ደግሞ ስሙ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 መሠረት በጊዜው ያላሳወቀ ሰው ባልከፈለው ግብር ላይ 5 በመቶ ይቀጣል፤ እየዘገየ ሲሄድ ቅጣቱ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ዘግይቶ የከፈለ ደግሞ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመርበታል። ወለዱ ከዚህ ሁሉ ሌላ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የግብር ውዝፍም እንደዚያ ነው። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት አባቶች ለሽማግሌ ጉዳይ ብቻ አላሉትም።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። እኔ ራሴ እህል መነገድ ስተው ሱቄን ዘግቼ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክቤ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ቤቴ ገባሁ። የንግድ ፈቃዱን ግን አልመለስኩም። ሦስት ዓመት ቆይቶ የልጄን ጉዳይ ላስፈጽም ስሄድ በስሜ ውዝፍ ተቆጥሮ ጠበቀኝ። በመዝገቡ ላይ እኔ ገና ነጋዴ ነበርኩ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ለመክፈልም ላም ሸጥኩ። ስለዚህ ሥራ ያቆማችሁ፣ ፈቃዳችሁን መልሱ፣ መመለሳችሁንም በወረቀት ተቀበሉ። አባት ሞቶ ሱቁ ከተዘጋ ልጆች ተሰብስባችሁ ይህን አስቀድሙ። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው ተረት በገቢዎች መዝገብ ላይ ሲነበብ በጣም ይከብዳል። ሚስትም ደብተሩ፣ መለያ ቁጥሩና ያለፈው ዓመት ደረሰኝ የት እንዳለ ትወቅ። ባል ብቻ የሚያውቀው ሒሳብ ባል የታመመ ቀን ይጠፋል።

የወረቀት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ድረስ ሲደርስ ነፍሳችንን ይዘን ወጣን፤ ስንመለስ የብዙ ሰው ሱቅ ባዶ፣ ደብተሩም የለም። የከፈለ ሰው መክፈሉን የሚያሳይበት አጣ። እንግዲህ ደረሰኝ በተቀበላችሁ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ለልጃችሁ፣ ለእኅታችሁ ላኩት። በባንክም ክፈሉ በቴሌብር ማረጋገጫውን አታጥፉት። «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ለሚል አገናኝ ገንዘብ አትስጡ፤ እሱ የሚሰጣችሁ ተስፋ እንጂ ደረሰኝ አይደለም።

ለይፋት ሰው ገበያና ግብር እንግዳ አይደሉም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአልዩ አምባ ገበያ አሞሌው፣ ቡናው፣ ጨርቁ ሲራገፍ የንጉሡ ሹም ቀረጡን ይቀበል ነበር። ያን ጊዜ ግን ነጋዴ «በዛብኝ» ቢል የሚሰማው ማን ነበር? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነበር ነገሩ። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። በሐምሌ 2009 የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ስንቱ ሱቁን እንደዘጋ ታስታውሳላችሁ። ግምት የበዛበት ሰው ምሬቱ ይገባኛል፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ መራገም ግን ግምቱን በሳንቲም አይቀንሰውም። የግብር ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ። ያመናችሁበትን ያህል ክፈሉ፣ የማታምኑበትን ለይታችሁ ምክንያቱን ጻፉ፤ ያልተካደው ግብር ካልተከፈለ ቅሬታው ተቀባይነት አያገኝም። 22ኛው ቀን ላይ መሄድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቤት አከራይታችሁ የምትኖሩም «እኔ ነጋዴ አይደለሁም» አትበሉ። የኪራይ ገቢም ግብር አለበት። የውል ወረቀቱ ላይ ዝቅ አድርጎ መጻፍ በዚህ ከተማ እየተለመደ መጥቷል፤ እኔ ግን አልመክርም። ተከራዩ በኋላ ሲጣላችሁ ምስክር የሚሆንባችሁ ያው ወረቀት ነው።

ንግድ ፈቃድ ማሳደሻው እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ የግብር ክሊራንስ ያልያዘ ግን አያሳድስም። ሐምሌን ያሳለፈ ሰው ታኅሣሥ ላይ ሁለቱንም በር አንድ ላይ ሲደበድብ ይገኛል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አጠገባችሁ ማንበብ የማትችል፣ ጠላና ዳቦ ሸጣ ልጆች የምታሳድግ እናት አለች፤ የመጣላትን ማስታወቂያ እንኳ በጎረቤት ልጅ ነው የምታስነብበው። ነገ ጠዋት ወደ ገቢዎች ስትሄዱ ወረቀቷን አስይዛችሁ ይዛችኋት ሂዱ። ሰልፉ በመጨረሻው ሳምንት ይብሳል፤ እሷ ደግሞ ሥራዋን ጥላ ቀኑን ሙሉ መቆም አትችልም።