የእግዜር እንግዳ፦ እምነትና ደግነት በሰሜን ጎንደር ደጋ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደተጻፈው፣ በመጨረሻው ፍርድ ጻድቃንና ኃጥአን ከሚለዩባቸው ጥያቄዎች አንዱ እንግዳ ሆኖ የመጣውን ተቀብለውት እንደሆነና እንዳልሆነ የሚመረምር ሲሆን፣ ያ እንግዳም ራሱ ክርስቶስ እንደነበረ በዚያው ይገለጣል። ስለዚህ በክርስትና መንገደኛን መቀበል ከሌሎች በጎ ምግባራት ጋር ተደርድሮ የሚቆጠር ብቻ ሳይሆን ሃይማኖቱ ራሱ የሚፈተንበት ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም የማያውቁትን ሰው ማሳደርና ማብላት የእምነት ፍሬ ነው ወይስ እምነት ስም ያወጣለት የአገር ልማድ የሚል ነው። ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚመች ነው፤ ምክንያቱም በዚህ መንገድ ለዘመናት ነጋዴው፣ ወደ ዋልድባ የሚሄደው ተሳላሚና የቤተ ክርስቲያን ተማሪው ሲመላለሱ ኖረዋል።

ሊማሊሞን የሚያወርደው የመኪና መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመሠራቱ በፊት መንገደኛው በእግርና በበቅሎ ይጓዝ ስለነበር፣ የሚመሽበትን ስፍራ የሚወስንለት የፀሐይዋ መጥለቅ ነበር። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ወይም በሐምሌ ዝናብ ውጭ ማደር ሕይወትን ለአደጋ ይዳርጋል። በዚህ ጊዜ መንገደኛው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ውሻው እየጮኸበት፣ የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ተናግሮ እንዲያሳድሩት ይለምናል፤ ከውስጥም «ቤት የእግዜር ነው» የሚል መልስ ይሰጠዋል። እማወራዋ ውኃ ለብ ታደርጋለች፤ ከልጆቹ አንዱ ወይም አባወራው ራሱ ጎንበስ ብሎ የእንግዳውን እግር ያጥባል፣ አጥቦም ይስማል። ከዚያ እሳት ዳር ያለው መደብ ይለቀቅለትና ጀንዲ፣ ማለትም የለፋ የበሬ ቆዳ፣ ይነጠፍለታል፤ የገብስ እንጀራና ጠላ ይቀርብለታል። ከየት እንደመጣና የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ እህል ከቀመሰ በኋላ የሚደርስ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሐሙስ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ለማሰብ ሕጽበተ እግር የምትለውን ሥርዓት በዓመት አንድ ቀን ስትፈጽም፣ ገበሬው ቤት ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይፈጸማል፤ ካህንም ሆነ የተለየ ቀን አይጠበቅም።

ይህን ሁሉ በችግር የተወለደ መረዳጃ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ዛሬ ያሳደረው ነገ በተራው ስለሚመሽበት፣ ደግነቱ ውሎ አድሮ የሚመለስ ብድር ነው ማለት ነው። ክርክሩ ለነጋዴው ይሠራል፤ በቆሎ ተማሪው ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ዜማ፣ ቅኔ ወይም ትርጓሜ ለመማር ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ሩቅ አገር የሚኖርና ምግቡን ለምኖ የሚያገኝ ልጅ ወይም ጎልማሳ ነው። በተለይ አቋቋም፣ ማለትም ዜማው ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር የሚጠናበት ትምህርት፣ የምስክር ቤቱ ጎንደር በአታ በመሆኑ፣ ይህን ለማደላደል የሚፈልግ ተማሪ ከየአገሩ ወደ ጎንደር ይመጣል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ የሚባለውን ከሣር የተሰፋ መያዣ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ በየደጁ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም»፣ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ፣ ብሎ ይለምናል። ያገኘውን ቁራሽ በጎጆው ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላም ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። ቁራሹን የሰጠችው እናት ተማሪው አንድ ቀን በሩቅ ደብር መሪጌታ ቢሆን እንኳ አታየውም፤ እርሱም ስሟን አያውቅም። እንዲህ ያለው ስጦታ መቼና በማን በኩል እንደሚመለስ የሚቆጥር የብድር ሒሳብ የለም።

ጥቅም ካልሆነ ሰጪውን የሚያስገድደው ምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ በልመናው ውስጥ የተጠራው ስም ነው። ተማሪው ረሀቡን አይተርክም፣ ጥሩ ልጅ መሆኑንም አያስረዳም፤ በማርያም ስም ብቻ ይለምናል። በዚህም ምክንያት «ይገባዋል ወይስ አይገባውም» የሚለው ምርመራ፣ ምጽዋትን በየአገሩ የሚያቀዘቅዘው እርሱ ነውና፣ ከደጃፉ ሳይደርስ ይቀራል። የዚህ አስተሳሰብ ምንጭ ወንጌል ነው፤ በደቀ መዝሙር ስም አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ የሰጠ ዋጋውን እንደማያጣ በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ተነግሯል። በሕዝቡ ልብ ያሰረጸው ግን በተአምረ ማርያም የሚገኘውና የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰበው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። የቅምር ሰው የነበረው በላዔ ሰብእ 78 ሰዎችን ገድሎ የበላ ሲሆን፣ በመንገድ ያገኘው በለምጽ የተመታ ውኃ የጠማው ሰው በእግዚአብሔርና በቅዱሳን ስም ቢለምነው እምቢ ብሎ፣ በመጨረሻ በማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው፤ ነፍሱ በሚዛን በተቀመጠች ጊዜም በእመቤታችን አማላጅነት ያች ጥርኝ ውኃ መዝና ተገኘች። ታሪኩ ግድያን ያቃልላል የሚል ወቀሳ ቢሰነዘርበትም፣ የዚህ ደጋ እናት ከዚህ የምትሰማው ሌላ ነው፤ ስሙ ተጠርቶ ባዶ እጅ መመለስ የማይገባ መሆኑን ትሰማለች።

ሆኖም በስም ላይ የቆመ ደግነት የራሱ ፈተና አለበት፤ ያን ስም የማይጠራው እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። የጎንደር ታሪክ በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል። ከከተማዋ ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ገበሬው ማረሻውን ከባለ እጆቹ እየገዛና በሠሩት ሸክላ እየበላ፣ እነርሱን ግን ቡዳ ናቸው እያለ ይርቃቸው ነበር። መንገደኛውን እግሩን አጥቦ የሚስመው እጅ ይህንን ጎረቤት መግፋቱ እንደ ጥቃቅን ጉድለት ሊታለፍ አይገባም፤ የመልካሙ ሳምራዊ ምሳሌ የተነገረው ለእንደዚህ ዓይነቱ አማኝ ነውና።

ለዚህ እርማት የሚሆነው ትምህርት በራሱ በትውፊቱ ውስጥ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 7 ቀን ሥላሴ ወደ አብርሃም ድንኳን የገቡበትን ታከብራለች፤ በአድያም ሰገድ ኢያሱ በተተከለችው በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴም፣ ከስቅለቱ ሥዕል በላይ ሦስቱ አካላት አንድ መልክ ባላቸው ሽበታም አረጋውያን አምሳል ተሥለው ይታያሉ። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር በቀትር ሮጦ የተቀበላቸው ማን እንደሆኑ ጠይቆ አልነበረም፤ ስም አልጠሩለትም፣ ሃይማኖታቸውንም አልነገሩትም፤ ጥጃው የታረደው እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ ከመታወቁ በፊት ነው። እንግዲህ የማርያም ስም ልብን የሚከፍት ከሆነ፣ የአብርሃም ድንኳን ደግሞ ስሙን ያልጠራውም እንግዳ ከዚያው ልብ እንዳይወጣ ያስገድዳል ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ የእንግዳ አቀባበሉን ግማሽ ብቻ ይዟል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት አካባቢ በደረሰ ጊዜ ከየቀበሌው የተፈናቀሉ ሰዎች በደባርቅና በጎንደር ተጠልለዋል፤ ከዚያም በኋላ በትግራይ መጠለያዎች የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ዳባት አጠገብ ወዳለው ዓለምዋጭ መጠለያ ተዛውረዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ውጊያ ደግሞ በማታ ደጅ የሚያንኳኳን ሰው መፍራትን አስከትሏል፤ ይህን ፍርሃት በገበሬው ላይ መፍረድ አይገባም። ለተማሪው ግን የሚተርፈው ደጃፍ ሲያንስ የሚበተነው ጉባኤ ቤቱ፣ ማለትም መምህርና ደቀ መዛሙርት የሚሰበሰቡበት የትምህርት ቦታ ነው። ስለዚህ በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናን፣ ሰላም እስኪመለስ ድረስ የእነዚያን ደጆች ፋንታ ወስደው፣ የቆሎ ተማሪውን ቀለብና የዓለምዋጩን ስደተኛ ልብስ በአንድ ዝርዝር እንዲጽፉ፣ ሃይማኖቱንም ሳይጠይቁ እንዲሰጡ አደራ ይባላሉ።