ውሉ እንዳይጠፋ፦ ስለ ፈትል ደስታና ስለ ፈታይ ዋጋ

ከቤት ውስጥ ሥራዎች መካከል ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እያደርም ከብዙ ቤቶች እየራቀ የሄደ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ጥጥ መፍተል ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን እናቶቻችንና አያቶቻችን ማታ በምድጃው ዳር ተቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩ አይተናል። በአንድ እጃቸው አመልማሎውን ይዘው፣ በሌላው እንዝርቱን በጭናቸው ላይ አሽከርክረው ሲለቁት፣ ከለስላሳው ጥጥ ውስጥ ቀጭን ክር እየተሳበ ሲወጣ ማየት ለሕፃን ዐይን ተአምር ይመስል ነበር። በከተማ ያደግነውም ይህንኑ የመሰለ ደስታ በሹራብ መርፌና በኪሮሽ ዐውቀነዋል፤ ከአንዲት ክር ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ኮፍያና የሕፃን ልብስ ሲወጣ ተመልክተናልና።

ስለዚህ ደስታ ሦስት ጥያቄዎችን እናንሣ። ይህ ደስታ ምንድን ነው? ፋብሪካ ክሩን በብዛት በሚያመርትበት ዘመን የእጅ ፈትልን ማመስገን ተገቢ ነውን? ደግሞስ ይህን ሥራ የምናመሰግን እኛ ለሠሪዋ ምን ዕዳ አለብን? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ስለ ሆነ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ስለ ሥራው ከመናገራችን በፊት ሥራውን በሚገባ ማወቅ ይገባናል። ጥጥ ከማሳ እንደ ተለቀመ አይፈተልም። በመጀመሪያ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት መዳመጫ እየተዳመጠ ፍሬው ይወጣለታል። ቀጥሎም በደጋን ይነደፋል፤ ሲነደፍም ተጨምቆ የነበረው ጥጥ ይፍታታና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ በአመልማሎ መልክ ወደ እንዝርት ይቀርባል። የተፈተለው ክር እየተጠመጠመ ልቃቂት ይሆናል፤ ልቃቂቱም ለሸማኔ ይሰጣል። በሸማኔው ዘንድ በቁመት የሚወጠረው ክር ድር፣ በመወርወሪያ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። ጋቢ አራት ንብርብር መሆኑን ስናስብ፣ በትከሻችን ላይ ጣል የምናደርገው ልብስ ስንት ልቃቂትና ስንት ምሽት እንደ ፈጀ መገመት አያዳግተንም።

እንግዲህ ደስታው ከየት ይመጣል? በመጀመሪያ ከትዕግሥት ይመጣል እንላለን። ፈታይ ብትቸኩል ክሩ ይቀጥናል፣ ይበጠሳል፤ ብታመነታ ይወፍራል፣ ይጎረብጣል። እንዝርት በቁጣም ሆነ በልመና አይፈጥንም። ስለዚህ ተናዳ የተቀመጠች ሴት ጥቂት እንደ ፈተለች ትንፋሿ ከእጇ ጋር እየተስማማ ልቧም እየረጋ ይሄዳል። ሹራብ ሠሪም እንዲሁ ናት። አንዲት ቀለበት ብታመልጣት ሥራው ከዚያች ቦታ ጀምሮ ይተረተራል፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ማንሣት ይገባታል። ስሕተቷን ግን ማንም አይቀጣባትም፤ ክሩ አልጠፋምና እንደገና ትጀምራለች። ያረጀ ሹራብ ተርትረው ለታናሽ ልጅ እንደገና የሚሠሩ እናቶች፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚጣል እንዳልሆነ ያለ ስብከት ያስተምሩናል።

ሁለተኛው የደስታ ምንጭ እጅን ይዞ ልብን ነጻ የሚተው ሥራ መሆኑ ነው። ሴቶች እየፈተሉ ቡና ያፈላሉ፣ ይመካከራሉ፣ ኀዘንተኛን ያጽናናሉ፣ ለልጆች ተረት ይነግራሉ፣ ብቻቸውን ሲሆኑም ይጸልያሉ። ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ግን ዐይንንም ልብንም አንድ ላይ ይወስዳሉ፤ ከአጠገባችን ለተቀመጠው ሰው የሚተርፍ ነገር አይተዉልንም። እንዝርት ከጎረቤት ጋር አያጣላም።

ሦስተኛውና ታላቁ ምንጭ ሥራው ለሌላ ሰው የታሰበ መሆኑ ነው። ለራሷ ብቻ የምትፈትል ሴት ብዙም አልታየችም። ክሩ ሲሳብ በልቧ ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ ለሚወለደው ልጅ መታቀፊያ፣ ለምትዳረው ልጅ ቀሚስ፣ ከቤት ለሚርቀው ወንድ ልጅ ጋቢ። በስደት ሀገር ብርድ ውስጥ የእናቱን ጋቢ ለብሶ ያደረ ሰው ይህን ነገር እንድናብራራለት አይጠይቀንም።

የጥንቱ ፈላስፋ አርስቶትል ደስታን መልካም ሥራ ሲከናወን ሥራውን የሚያሟላው ነገር አድርጎ ተመልክቶታል፤ በወጣት ፊት ላይ እንደሚታይ ውበት ሥራው ሲያምር አብሮት ይገለጣል። ይህን አሳብ በፈትል መመዘን እንችላለን። ፈታይዋ ደስታን ፈልጋ አልተቀመጠችም፤ ክር ፈልጋ ተቀመጠች፣ ደስታውም ተጨመረላት። ደስታን ብቻ ፈልጎ የሚሮጥ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ክሩንም ደስታውንም ያጣል። ጊዜ ማሳለፊያ ጊዜያችንን ይወስድብናል፤ የእጅ ሥራ ግን ያሳለፍነውን ጊዜ በልቃቂት መልክ ይመልስልናል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን ሥራ አልናቁትም። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 የተመሰገነችው ባለ ሙያ ሴት እጇ በእንዝርት ላይ ነው፤ በዚያው ምዕራፍ እጇ ለድኻም የተዘረጋ ነው። ሁለቱ ነገሮች ተቀራርበው መነገራቸውን ልብ እንበል። በሀገራችን ጥንታዊ ሥዕሎችም መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥራት ፈትል በእጇ ይዛ የምትታይባቸው አሉ። ሠዓሊው የሰማዩን መልእክት በሥራ ላይ ወዳለች ድንግል አመጣው እንጂ ሥራ ፈትታ ወደ ተቀመጠች ሴት አላመጣውም።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካ በአንድ ሰዓት የሚያመርተውን ክር ሴት በዓመት አትፈትለውም፤ ጊዜን ማባከን አይደለምን?» የሚለን ሰው ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለው። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሀገር ጄምስ ሃርግሪቭስ ብዙ ክር በአንድ ጊዜ የሚፈትል መሣሪያ ከሠራ ወዲህ ፈትል ከቤት ወደ ፋብሪካ ተሰደደ። መኪና ርካሽ ልብስ ለድኻ አድርሷልና ልንረግመው አይገባንም። ሆኖም የገዛ ልብሳችን ራሱ መልስ ይሰጠናል። ዛሬ በብዙ የሀገር ልብሶች ላይ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ መወጠርን ይችላልና። ማጉ ግን በእጅ የተፈተለ ነው፤ ልብሱን ለስላሳና ሞቃት የሚያደርገው እርሱ ነውና። እንግዲህ ፋብሪካና እጅ በአንድ ነጠላ ላይ ሳይጣሉ ተሸምነዋል። ጥያቄው የትኛው ይሻላል ሳይሆን ለእያንዳንዱ ተገቢ ስፍራውን ሰጥተነዋል ወይ የሚል ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ እኛም እናፍራለን።

በሀገራችን መፍተል የባለ ሙያ ሴት መለያ ሆኖ ሲከበር ኖሯል፤ የትልልቅ ቤቶች ወይዛዝርት ሳይቀሩ ይፈትሉ ነበር። የፈተሉትን ክር ልብስ አድርጎ የሚመልስላቸው ሸማኔ ግን ይናቅ ነበር። ልብሱን ለብሰን በዓል ስናከብር የሠራውን ሰው በሙያው እንሰድበው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው፣ ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያስረዳል። በዐዋጅ ስድብ ሊከለከል ይችላል፤ ንቀት ግን ከአፍ ሲከለከል ወደ ዋጋ ይሸሻል።

ወደ ዋጋ ይሸሻል ማለታችን ምንድን ነው? በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳን የመሰለውን የሀገር ልብስ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይረዳናል። በዚያ አካባቢ ከጋሞ ደጋዎች የመጡ ብዙ ሸማኔዎች ይኖራሉ፤ በዶርዜ ባህልም ሴቲቱ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። በየሰፈሩም ጥጥ እየፈተሉ በልቃቂቱ ዋጋ ዘይትና በርበሬ የሚገዙ አረጋውያን አሉ። ከውጭ ሀገር እየታተመ የሚመጣው የሀገር ልብስ መሳይ ጨርቅ ገበያቸውን ሲያጠብባቸው ምን እንደሚሰማቸው ማን ጠየቃቸው? እኛስ በበዓል ዋዜማ ከፊታቸው ቆመን «እማማ፣ ይህ ክር እኮ በቤት ተቀምጠው የሠሩት ነው፤ ምን ድካም አለው?» ብለን አልተከራከርንምን? ለፋብሪካ ሸቀጥ የተጻፈውን ዋጋ ዝም ብለን ከፍለን፣ ለእጅ ሥራ ሲሆን ብቻ አንደበታችን ይረዝማል።

ስሕተቱ ያለው እዚህ ነው። ሥራውን ስለምትወደው፣ በቤቷም ተቀምጣ ስለምትሠራው ድካም የሌለው መስሎ ይታየናል። ደስታዋን ከደመወዟ ላይ እንቀንሰዋለን። ደስታው ግን የእርሷ ነው፤ እኛ የከፈልናት አይደለም። በእስር ቤት ያሉ ሰዎች ሹራብና ኮፍያ ሲሠሩ፣ ጋቢም ሲሸምኑ ይታያሉ፤ በእጃቸው ላይ ያለው ሥራ ለሰዓታት የግንቡን ከፍታ ያስረሳቸው ይሆናል። ይህ ሰላም ፈጣሪ ለሠሪ የሰጠው ነው። ኮፍያውን የሚገዛው ሰው ግን «አንተ ሰላም አግኝተህበታልና ዋጋውን ልቀንስ» ሊል ምን መብት አለው? ለእናቶቻችን ይህን አንልም እንል ይሆናል፤ በሥራችን ግን ብዙ ጊዜ ብለነዋል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ያስተማሩት ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ሁለት ሰዎች ስለ ተስማሙበት ብቻ ዋጋው ትክክለኛ አይሆንም፤ ከስምምነት በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ አለና፣ ችግር ያስጨነቀው ሰው የተቀበለው ክፍያ በፈቃዱ የተቀበለው አይባልም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት የሥራ ክብር በተሠራው ነገር ዐይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው በመሆኑ እንደሚለካ አስረድተዋል። እንግዲህ የልቃቂት ክብር ፈታይዋ ናት፤ ክሩን አክብረን እርሷን ብንንቅ ጥላውን ይዘን ዛፉን መቁረጣችን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የምንችለው ነገር ጥቂት አይደለም። ልብስ ስንገዛ ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት ማን እንደ ፈተለው፣ ማን እንደ ሸመነው እንጠይቅ፤ ስም ካወቅን በኋላ መከራከር ይከብደናል። ልጆችን የምናስተምር ደግሞ በዕረፍት ወራት እንዝርትና የሹራብ መርፌ ለሴቶች ብቻ ሳይሆን ለወንዶች ልጆችም እንስጣቸው። አንድ ክንድ ክር ለመፍተል ግማሽ ቀን የለፋ ልጅ፣ አድጎ በፈታይ ላይ አያፌዝም። አረጋውያን እናቶችን አስተማሪ አድርገን እንጋብዝ፤ ለጊዜያቸውም እንክፈላቸው። በቤታችን የምንፈትል ወይም ሹራብ የምንሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ያለ ችግር በፈቃዳችን የምንሠራ መሆናችን ራሱ ስጦታ መሆኑን ዐውቀን፣ ከሠራነው አንዱን ብርድ ለሚያንገላታው እንስጥ። ጣቢታ በኢዮጴ ስትሞት መበለቶች እያለቀሱ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነበር፤ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ለአንዲት ባለ ሙያ ሊገኝ አይችልም።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር አስደናቂ ቃል አስቀምጦልናል። የልቃቂት ጫፍ «ውል» ይባላል፤ ሰዎች የሚስማሙበት ቃልም «ውል» ይባላል። ውሉ የጠፋበት ልቃቂት የቱንም ያህል ጥሩ ክር ቢኖረው አይሠራበትም፤ የሚስበው ሰው ሁሉ ይብሱን ያወሳስበዋል። በሠሪና በለባሽ መካከል ያለውም ውል እንዲሁ ነው። ውሉ ከጠፋ የእጅ ሥራን ውበት ማወደሳችን፣ ባህላችን ማለታችን፣ በበዓል ቀን አምሮብን መታየታችን ሁሉ የተወሳሰበ ክር ይሆናል። ውሉ ከተገኘ ግን ልቃቂቱ ሳይታገል ይፈታል። እንግዲህ ጋቢያችንን በትከሻችን ላይ ስናደርግ ሙቀቱ ከማን እጅ እንደ መጣ እናስብ፤ ዕዳ ካለብንም ነገ ሳንል እንክፈል።