ስለ ቁማር ቤትና ስለ ድኻ አገር ጥቅም

በሀቢቾም ሆነ በሆሳዕና ገበያ ወጣቶችን ስለ እግር ኳስ ውርርድ ስገሥጽ እንዲህ ብለው ይመልሱልኛል፤ «መንግሥት ራሱ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ሎተሪ አቋቁሞ የለምን? ይልቁንስ ትልቅ የቁማር ቤት በሕግ ተፈቅዶ፥ ተቈጣጣሪም ተሹሞለት ቢከፈት፥ ለሥራ ፈቱ ሥራ፥ ለአገራችንም ግብር በተገኘ ነበር።» ይህ የፌዝ ነገር አይደለምና በትዕግሥት እንመርምረው።

በአሜሪካ፥ በሚሲሲፒ፥ ቱኒካ የሚባል የገጠር ወረዳ አለ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985፥ የእኛ ረኃብ በዓለም ሁሉ በተሰማበት ወራት፥ ቄስ ጄሲ ጃክሰን ድኽነቱን አይቶ «የአሜሪካ ኢትዮጵያ» ብሎ ጠራው። በ1990 የሚሲሲፒ ሕግ የቁማር ቤትን ፈቀደ፤ በ1992 የመጀመሪያው ቤት በቱኒካ ተከፈተ። እውነቱን አንሸሽግ፤ ብዙ ሰው ሥራ አገኘ፥ መንገድም ተሠራ። ዳሩ ግን ገንዘቡ ከምድሩ አልበቀለም፤ ከሜምፊስና ከሌላም ስፍራ የመጡ እንግዶች ተሸንፈው የተዉት ነበረ። ሌሎች አገሮችም እንደዚሁ ያለ ቤት በከፈቱ ጊዜ እንግዳው ቀነሰ፤ በ2014 ከትልልቆቹ ቤቶች አንዱ ተዘጋ።

እንኪያስ ወደ ሆሳዕና ሊሸነፍ ከሩቅ የሚመጣ ባለጠጋ ማን ነው? የሚሸነፈው፥ ወንድሙ በደቡብ አፍሪካ ደክሞ የላከለትን ብር የያዘው የሰፈራችን ልጅ ነው።

«ዕቁብስ ዕጣ አይደለምን?» ትል ይሆናል። የዕቁብ ዕጣ ተራን ይለያል እንጂ የማንንም ገንዘብ አይነጥቅም፤ ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል። ቁማር ግን ያለ ሌላው ማጣት ማንንም አያበለጽግም።

እኔም በተማሪነቴ ለደብተር የተላከልኝን ገንዘብ በካርታ ተበላሁ። ያሸነፈኝ ባንድ መኝታ ቤት አብሮኝ የሚያድር ወዳጄ ነበረ። በዚያች ሌሊት ያሳዘነኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ነገ እርሱ እንዲከስር ስመኝ ራሴን አገኘሁት። ሕግ የተጫዋቹን ዕድሜ ሊወስን፥ ማታለልንም ሊከለክል ይችላል፤ ይህም መልካም ነው። ይህን ምኞት ግን የሚቈጣጠር ሹም የለም።

እንሰት የሚተክል ሰው ብዙ ዓመት ይታገሣል፤ በደረሰ ጊዜ ግን ቆጮው ቤተ ሰቡን ያጠግባል፥ ጎረቤቱም ስለዚህ አይራብም። ሐዋርያው ጳውሎስም ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን በመስፋት ኖረ።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፤ ገንዘብህን ከማስያዝህ በፊት «እኔ ደስ እንዲለኝ ማን ሊያዝን ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልሱ የጎረቤትህ ስም ከሆነ፥ ሕግ ቢፈቅድልህም እጅህን መልስ።