የተቆረጠ ተስፋ በማን እጅ ይቀጠላል?

በአማርኛ ተስፋ «ይቆረጣል»። እንደ ገመድ መሆኑ ነው፤ የተቆረጠ ገመድ ደግሞ ይቀጠላል። የሚቀጥለው ማን ነው? ቢባል ብዙዎቻችን «ባለቤቱ ራሱ» እንላለን። እኔም እንዲሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራውን አጥቶ፣ ቤቱን ዘግቶ ለተኛ ወዳጄ በየሳምንቱ እየሄድኩ «አይዞህ፣ ያልፋል» እለው ነበር። አንድ ቀን «ምኑ ነው የሚያልፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ተሰናብቼው ወጣሁ።

ይህን ያስታወሰኝ «አንቤ ሲቫም» የተባለ የታሚሎች ፊልም ነው። (እኛ በየሲኒማ ቤቱ ስናለቅስበት ያደግነው «የህንድ ፊልም» በአብዛኛው የሂንዲ ነበር፤ የደቡብ ህንዶቹ ታሚሎች የራሳቸው ቋንቋና የራሳቸው ሲኒማ አላቸው።) የጻፈውም፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተውም ካማል ሀሰን ነው፤ ያዘጋጀው ሱንደር ሲ.። ርእሱ «ፍቅር ሺቫ ነው»፣ ፍቅር ራሱ አምላክ ነው እንደ ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ ገበያ አልቀናውም፤ ወዳጅ ያፈራው ዘግይቶ ነው።

ዝናብ በረራ ያሰናከለባቸው ሁለት መንገደኞች ከቡባኔሽዋር ወደ ቼናይ አብረው ለመጓዝ ይገደዳሉ። አንደኛው ማስታወቂያ ሠሪ ወጣት ነው። ስሙ አንባራሱ፣ «የፍቅር ንጉሥ» ሲሆን እሱ ግን አሳጥሮ «አራስ» ብሎታል (የእኛን አራስ እንዳትሉብኝ!)፤ ፍቅሩን ጥሎ ንግሥናውን ይዟል። ሁለተኛው ናላሲቫም ፊቱ በጠባሳ የተበላሸ፣ የሚያነክስ ሰው ነው። በጤናው ዘመን በጎዳና ቲያትር ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚሟገት ኮሚኒስት ነበር። የሚወዳትን ልጅ ይዞ ሊጠፋ ሲጓዝ የተሳፈረበት አውቶቡስ ገደል ገባ። እሱ ሲድን የቀድሞ መልኩ የለም፤ ልጅቱም «ሞቷል» ተብላለች። አሁን እሷን ሊያገባ የሚጓዘው ያው አንባራሱ ነው።

ተስፋ ቢቆርጥ የማይፈረድበት ሰው ቢኖር ይህ ሰው ነው። ያነሳው ታዲያ የገዛ ብርታቱ አይደለም። ያስታመመችው አንዲት መነኩሲት ናት፤ አምላክ የለም ባዩን ኮሚኒስት!

ወጣቱ በበኩሉ በባቡር አደጋ ለተጎዳ፣ ለማያውቀው ልጅ ደሙን ይሰጣል። ይድናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ልጁ ግን ይሞታል። አንባራሱ አምላክን እያማረረ ያለቅሳል። ናላሲቫም «ያልፋል» አይለውም። ለማያውቀው ልጅ ያነባውን ያንኑ ልቡን ያሳየዋል፤ አምላክ የምለው ይህን ነው ይለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ተስፋ «ነገ ይሻላል» የሚል ትንበያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ልጅ ጋር በተቀበረ ነበር። ምን ተረፈ ታዲያ? አንዱ ለሌላው መድረሱ። በእርግጥ ይህ ድሃን ማባበያ እንዳይሆን ሰግቻለሁ። ሆኖም ናላሲቫም ሙሽራዪቱን በእንባ አይበጠብጣትም፤ በሕይወት መኖሩን ደብቆ፣ በምላሹ ፋብሪካ ባለቤት የሆነውን አባቷን የሠራተኞቹን የደመወዝ ጭማሪ ያስፈርመዋል። ልመና አይደለም።

ወዳጄ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። «አይዞህ» አላልኩትም። ልጄ ሂሳብ አልገባው ብሎ ነበርና ደብተሩን ይዤ ገባሁ። ገለጥ ገለጥ አደረገው።

«እርሳስ ይዘሃል?» አለኝ።