ከጭነት ክፍል እስከ ዋና ሥራ አስፈጻሚ

በላሊበላ ሆቴሎች፣ በአስጎብኚነትና በባንክ ቅርንጫፎች የሚሠሩ ወጣቶች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ጥቂት ዓመት እንደቆዩ አንድ ጥያቄ ይመጣባቸዋል። በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ፣ በተለምዶ ኤምቢኤ የምንለውን፣ ልማር ወይስ ይቅርብኝ? ክፍያው ቀላል አይደለም። ወልድያም ሆነ ባሕር ዳር ለመመላለስ በጋሸና መውጣትና መውረድ አለ። ሥራ ለቅቆ መማር ደግሞ ወላጅና ታናናሾቹን ለሚረዳ የአካባቢያችን፣ የላስታ ልጅ የሚታሰብ አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው እንግዳ በሚያመጣልን በኢትዮጵያ አየር መንገድ ውስጥ ነው።

አቶ ተወልደ ገብረማርያም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አየር መንገዱን ሲቀላቀሉ የተመደቡት ጭነት በሚስተናገድበት በካርጎ ክፍል ነበር። ከዚያ በሕንድ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በአሜሪካ የአየር መንገዱን ሥራ መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የገበያና ሽያጭ ኃላፊ፣ በ2006 ዋና የኦፕሬሽን ኃላፊ፣ በ2011 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ኤምቢኤያቸውን ያገኙት ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። እርሳቸውን የተኩት አቶ መስፍን ጣሰውም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ አላቸው። አቶ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1984 የገቡት በምሕንድስና ሙያ ነው፤ በዚሁ ሙያ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዋና የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆኑ፣ በሎሜ የሚገኘውን አስካይ አየር መንገድንም መሩ፣ በ2022 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕን ተረከቡ።

ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተ የርቀት ትምህርት ተቋም ነው። ተማሪው ከሥራው አይለይም፤ የቤት ሥራውም ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በራሱ መሥሪያ ቤት ችግር ላይ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የዚህን ዩኒቨርሲቲ ስም የሚያውቀው አቶ መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በሥልጣን ላይ እያሉ፣ ኤምቢኤ ስላገኙበት ነው። ለኔ ግን ከፖለቲከኛው ይልቅ የካርጎ ሠራተኛውና የመሐንዲሱ መንገድ ለተራው ሠራተኛ የበለጠ ይቀርባል።

ኤምቢኤ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ጨመረላቸው? መሐንዲስ አውሮፕላኑ ለምን እንደቆመ ያውቃል። አውሮፕላኑን በብድር መግዛት ይሻላል ወይስ መከራየት፣ የበረራ መስመሩ ምን ያህል መቀመጫ ሲሸጥ ወጪውን ይሸፍናል፣ የዛሬው ዕዳ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች ግን የገንዘብ፣ የገበያና የሰው ኃይል አስተዳደር ዕውቀት ይጠይቃሉ። የቢዝነስ ትምህርት አንድ ክፍል ብቻ የሚያውቀውን ሠራተኛ የድርጅቱን ሌሎች ክፍሎች ቋንቋ ያስተምረዋል። ሠራተኛ ከሙያተኛነት ወደ ኃላፊነት የሚሻገረውም በዚህ በኩል ነው። ዲግሪው ብቻውን ዋና ሥራ አስፈጻሚ አደረጋቸው ብል ግን እዋሻለሁ። ሁለቱም ወንበሩ ላይ የደረሱት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ከሠሩ በኋላ ነው፤ አየር መንገዱም ሰውን ከታች ጀምሮ የሚያሳድግ የቆየ ልማድ አለው።

የሥራና የትምህርት ጥምረት በግልጽ የታየው በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገደኛውን ሲያስቀር ነበር። አየር መንገዱ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ መቀመጫ እየነቀለ ጭነት ጫነባቸው፤ ከመንግሥት የመታደጊያ ገንዘብም ሳይጠይቅ ያን ጊዜ ተሻገረ። ውሳኔው ሲወሰን በመሪነት ወንበር ላይ የነበሩት በካርጎ ክፍል ሥራ የጀመሩት ሰው ነበሩ።

በእነዚያው ወራት ላሊበላ ባዶ ሆነች። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ የሆቴል ሠራተኛው ገቢ አጡ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከተማው ገባ፤ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። ሆቴል እንደ አውሮፕላን መቀመጫ ነቅሎ ሌላ ሥራ አይሠራም፤ ጦርነትንም የትኛውም ዲግሪ አይመልስም። ስለዚህ በከተማችን ባለ ሆቴሎች አልፈርድም። ሆኖም በሰላሙ ጊዜም ገቢያችን ከመስከረም እስከ ጥምቀት ይበዛና ክረምት ይደርቃል፤ የባንክ ብድር ግን በየወሩ ይከፈላል። ብድሩ ወቅቱን ተከትሎ እንዲከፈል መደራደር፣ ከገና ገቢ ለክረምት መጠባበቂያ መለየት፣ ከውጭ አገር ጎብኚ ሌላ ለአገር ውስጥ ተጓዥ የሚስማማ አልጋና ምግብ በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብ፣ እነዚህ በኤምቢኤ ክፍል ውስጥ የሚማሩ ነገሮች ናቸው።  ከተማው እንዲህ አስልቶ ለባለቤቱ የሚያስረዳ ሥራ አስኪያጅ በብርቱ ይፈልጋል። ወጣቱም የተሻለ ደመወዝ የሚያገኘው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

በሥራ ገበያው በኩልም ጥቅሙ እውነተኛ ነው። በባንኮችና በዕርዳታ ድርጅቶች የክፍት ቦታ ማስታወቂያ ላይ ሁለተኛ ዲግሪ ላለው አመልካች ብዙ ጊዜ ያነሰ የሥራ ዘመን ይጠየቃል። ነገር ግን ልምድ የሌለበት ኤምቢኤ እየበዛ ነው። ከዚያ የከፋው የመመረቂያ ጽሑፍን በገንዘብ ማስጻፍ ነው። ይህ ሌብነት ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚሰርቀውም ተማሪውን ራሱን ነው፤ ምክንያቱም ኤምቢኤ የሚሰጠው ትልቁ ነገር አንድን እውነተኛ የድርጅት ችግር ከሥሩ መርምሮ የመጻፍ ችሎታ ነው።

እንግዲህ የላስታ ልጅ፣ ለመማር ካሰብህ፣ ካሰብሽ፣ መጀመሪያ ጥቂት ዓመት በሥራ ላይ ቆዩ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙም የትምህርት ፕሮግራሙም በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳላቸው አረጋግጡ፤ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውም ተዘጋጁ። ሥራችሁን ሳትለቁ የምትማሩበትን መንገድ አስቀድሙ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም ስለማታውቁት ትልቅ ኩባንያ ሳይሆን ስለምትሠሩበት ሆቴል፣ ማኅበር ወይም ቅርንጫፍ ራሳችሁ ጻፉት። ባለ ሆቴሎችም፣ የሚማር ሠራተኛ ሲኖራችሁ ለፈተናው ቀን ፈረቃ ቀይሩለት፤ የሂሳብ መዝገባችሁንም አሳዩት።